ሦስት ማውንቴን ሳይክል በሃርድቶፕ ኋላ፦ ከደሴ ደላንታ ድረስ ይዘልቃል?

የጦሳው

ሰላም ለቤቱ። ደሴ ነን፣ ሦስት ጓደኛሞች። ሁለታችን ባለ 29 ኢንች ማውንቴን ሳይክል አለን፣ ሦስተኛው ባለ 26 ነው። መኪናው የአጎቴ አሮጌ ሃርድቶፕ ነው። ስኮርታው ኋላ በሩ ላይ ነው ያለው።

እስከ ዛሬ ሳይክሎቹን ውስጥ ከትተን ነበር የምንወጣው። ለቦሩ ሜዳ፣ ለሐይቅና ለአርዲቦ ችግር የለውም። ደርሶ መልስ ስለሆነ ሌላ ዕቃ አንይዝም። አሁን ያሰብነው ግን ረዘም ይላል። በኩታበር አድርገን፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግረን ወገልጤና ማደር፤ ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ እንደልብ መንዳት። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ምድጃው፣ ውሃው ሲጨመር ውስጥ ቦታ የለም።

ፖርቶመጋላ እንዳትሉኝ። አጎቴ «ጣሪያዬን ከነካችሁ መኪናውን እርሱት» ብሎናል። ስለዚህ ኋላ ላይ ነው። ስኮርታው ላይ የሚታሰር መስቀያ ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። ወይስ ኮምቦልቻ ወርጄ ላስበይድ? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ሸዋ በር

ስኮርታው ላይ የሚታሰረው ይበቃሃል። ቀላል ነው፣ ሲያሰኝህ ትፈታዋለህ። እኔ ቪታራ ላይ ሁለት ሳይክል ጭኜበት ደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ሐረጎን በሳይክል እንወርዳለን፣ አንዳችን መኪናውን ይዘን ታች እንጠብቃለን፣ ጭነን እንመለሳለን። ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ብረቱ ከኮምቦልቻ

ሸዋ በር ያለው ለአስፋልት ነው። ለአስፋልት እኔም አልቃወምም።

ልጄ የጦሳው፣ መስቀያውን ከማየትህ በፊት በሩን እይ። የሃርድቶፕ ስኮርታ ከነቸርኬው ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ይሄን ሁሉ ዓመት ማጠፊያው ተሸክሞት ኖሯል። በሩን ከፈት አድርገህ ጫፉን ወደ ላይ አንሳው። ከተንገጫገጨ ማጠፊያው ተበልቷል። አሁን በዚያ ላይ ሦስት ሳይክል ጨምርበት። አንዱ 14፣ 15 ኪሎ ነው እንበል። መስቀያው ራሱ አለ። በድምሩ 60 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። እሱም በሩን ተጠግቶ አይደለም የሚቀመጠው፤ ከስኮርታው አልፎ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ነው። ውሃ የሞላ ባልዲ እጅህን ዘርግተህ ያዝና እየው፣ የማጠፊያው ሥቃይ ይገባሃል።

ይሄ መኪናው ቆሞ ነው። ፒስታ ላይ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ጭነቱ ይነሳና ይወድቃል። ያኔ በሩ የሚቀበለው ሚዛን ላይ ያየኸውን አይደለም፣ እጥፉንና ከዚያ በላይ ነው። እንዲህ የሆኑ በሮች ይመጡልናል። መጀመሪያ የበሩ ዙሪያ ላስቲክ አልገጥም ይልና አቧራ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ በሩ በግፊያ ካልሆነ አይዘጋም። መጨረሻ ላይ ላሜራው ማጠፊያው ብሎን ሥር ይሰነጠቃል። የአጎትህ ጣሪያ ተረፈ ብለህ በሩን ይዘህለት ልትመጣ ነው።

ጭነቱን ሻንሲው፣ የመኪናው የታችኛው አጽም፣ ይሸከመው። በሩ ስኮርታውን ይበቃዋል።

ሸዋ በር

ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ የውጭዎቹ ለምን ይሸጡታል ታዲያ?

ብረቱ ከኮምቦልቻ

ይሸጡታል፣ መመሪያም አብሮ አለው። ስንት ሳይክል፣ ስንት ኪሎ፣ የት መንገድ ላይ ብሎ ይነግርሃል። እኛ ካርቶኑን እንጥልና መመሪያውም አብሮ ይሄዳል።

ዘምዘም ከሐይቅ

ወንድሜ የጦሳው፣ እኔ ሳይክሉን ውስጥ ክተትና ዕቃውን አውጣ ነው የምልህ። ድንኳንና ፍራሽ በሸራ ተጠቅልሎ ውጪ ቢታሰር ምን ይሆናል? አቧራ ቢለብስ ይራገፋል። ሳይክል ግን አቧራ ከጠጣ አለቀለት።

የፊት ጎማውን ፍታው፣ ርዝመቱ ወደ 40 ሳንቲም ያጥራል። ኮርቻውን ዝቅ አድርገው። ፔዳሎቹን አውልቃቸው፤ ሲጫን ቴላዮውን፣ የሳይክሉን አካል ብረት፣ የሚፍቁት እነሱ ናቸው። 15 ቁጥር ቁልፍ ያስፈልግሃል። የግራው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ እንዳትታገለው፤ ሌላውን ብሎን በምታጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። በጉልበት ወደ ለመደው አቅጣጫ ሲዞር ያለቀ ፔዳል ስንት አይቻለሁ መሰለህ።

ፍሬኑ የዘይት ከሆነ ደግሞ ጎማው እንደወጣ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መሃል የታጠፈ ካርቶን ጣልበት። መንገድ ላይ አንድ ዕቃ የፍሬኑን እጀታ ቢጫነው ሸራዎቹ ይገጥማሉ፣ ከዚያ ዲስኩ አልገባም ይላል። ወገልጤና ላይ ቆመህ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ስትፈለቅቅ መዋልህ ነው።

የጦሳው

እህቴ ዘምዘም፣ የካርቶኗን ነገር አላውቅም ነበር፣ አላህ ይስጥሽ። ግን ሦስት ሰው፣ ሦስት ሳይክል ውስጥ ገብቶ አራተኛው ሹፌር የሚቀመጥበት የለም። አጎቴ ራሱ ነው የሚነዳው። ለሌላ ሰው ቁልፍ አይሰጥም።

ጋሼ ብረቱ፣ በሩን አንስቼ አየሁት። ትንሽ ይንገጫገጫል።

ጎራ በል

አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት አስጎትተው፣ የጂጣን ገደል አስወርደው አስወጥተው፣ በደላንታ አድርገው መቅደላ አደረሱት። 1860 ዓ.ም. ላይ። አንድም ባለሞተር ነገር አልነበረም። እናንተ ሦስት ሳይክል ለማድረስ ስብሰባ ተቀመጣችሁ።

ዳገቱን በፔዳል ውጡትና ችግሩ አለቀ!

የጦሳው

የበሽሎን አቀበት በፔዳል ከወጣህ በኋላ ደላንታ ሜዳ ላይ የሚነዳው ማነው? ሬሳህ?

ድልብ

ወልድያ ነኝ። ከወልድያ በድልብ ወደ ጋሸና የሚወጣውን ዳገት ሳይክል ጭነን ስለምንሄድበት ሁለት ነገር ልጨምር። ጋሼ ብረቱ ያሉት እንዳለ ሆኖ ማለት ነው።

አንደኛ ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ በየት በኩል እንደሚወጣ እዩ። ረጅም ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ጭሱ እሳት ነው። የአንድ ጓደኛችን ሳይክል የኋላ ጎማው ልክ ማርሚታው ፊት ተንጠልጥሎ ነበር። ላይ ስንደርስ የጎማው ጠርዝ ለስልሶ በጣት ይነቀላል። ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ነበር። ቸርኬው ካርቦን ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮ ይሄድ ነበር። ሳይክሎቹን ስትሰቅሉ ወይ ከፍ አድርጉ ወይ ጎማው ከጭሱ መውጫ ዞር ይበል።

ሁለተኛ አቧራ። ቀጥ ያለ ጀርባ ያለው መኪና ከኋላው ባዶ ስለሚፈጥር አቧራውን ወደ ራሱ ይስባል። ኋላ መስታወቱን አይታችሁት ታውቃላችሁ፣ ምንም አያሳይም። ሳይክሉ የሚንጠለጠለው እዚያ ውስጥ ነው። ዘይት የጠገበ ካቴና ከሆነ አቧራውን ሁሉ ይይዘውና ማርሹን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ካቴናውን በጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ ደረቅ አድርጉት። ዘይቱን ደርሳችሁ ቀቡ። የፊት ሞላው የሚያብለጨልጨውን ዘንግ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሉት። ስትደርሱ ካልሲውን ወደ ላይና ወደ ታች ሳትጎትቱ አውልቁት፣ አለበለዚያ አቧራው ይፍቀዋል።

ጠቅላላ ሳይክሉን በሸራ መሸፈን አይረባም። ንፋስ ይሞላዋል፣ ይርገበገባል፣ ቀለሙን ልጦ ይጨርሳል።

ባለ ባጃጅ

ደሴ ፒያሳ ነው የምሠራው። ሳይክል አልነዳም፣ ግን ከኋላችሁ የምመጣው እኔ ነኝ።

ባለ 29 ሳይክል ከጎማ ጫፍ ጎማ ጫፍ ለካችሁት? 1 ሜትር ከ80 ያልፋል። ሃርድቶፑ ራሱ ከዚያ አይሰፋም። ወደ አንድ ጎን ትንሽ ከተገፋ ጎማው ከመኪናው ወጥቶ ይሄዳል። ሹፌሩ በመስታወት መኪናውን ያያል እንጂ ያቺን ጎማ አያያትም። ሰኞ ገበያ አካባቢ ገለባ የጫነ አህያ ሲመጣባችሁ ማን ምን እንደሚነካ አስቡት። በጠባብ ቦታ ባጃጅ ሲያልፍ እኮ የሚተርፈው ክፍተት የእጅ መዳፍ ነው።

ደግሞ ታርጋውና መብራቱ። ሦስት ሳይክል ከተደረደረ ታርጋም ፍሬቻም አይታይም። ትራፊክ ቢያስቆማችሁ እውነቱን ነው። ከኋላ የምንመጣው ደግሞ መቼ ፍሬን እንደያዛችሁ አናውቅም። ደሴ ጭጋግ ሲወርድባት እናንተም ታውቋታላችሁ።

ብረቱ ከኮምቦልቻ

ባለ ባጃጁ የተናገረውን ወደ ሥራው ላስገባው። የጦሳው፣ እንዲህ አድርገህ አሠራ። እኔ ጋ ባትመጣም ግድ የለም፣ ጥሩ በያጅ ደሴም አለ።

ሻንሲው ላይ ምንም አታስበይድ። ሻንሲ በብየዳ ሙቀት ይደክማል፤ ቦሎ ልታወጣ ስትሄድም ጣጣ ነው። ከኋላ የጋንቾ (የመጎተቻ መንጠቆ) መግጠሚያ ቀዳዳዎች አሉት። እነሱ ላይ ወፍራም ሰሌዳ በብሎን ይታሰር። ብሎኑ አናቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን። ያልተጻፈበት ብሎን ለበር ማንጠልጠያ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ሰሌዳው ላይ 60 በ60 የሆነ፣ ግድግዳው 4 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ ይበየዳል። ውስጡ 52 ሚሊ ይቀራል። እሱ ውስጥ 50 በ50 ቱቦላሬ ይገባል። መስቀያው የሚቆመው በዚህኛው ላይ ነው። ባለ 16 ሚሊ ፒን በሁለቱም አሳልፈህ ትቆልፈዋለህ። መስቀያውን ሳትፈልገው ፒኑን ነቅለህ ቤት ታስቀምጠዋለህ። አጎትህም መኪናው አልተነካም ይላል።

አሁን ያቺ የቀረችው 2 ሚሊ ክፍተት ናት የምታስቸግረው። ፒስታ ላይ ቀኑን ሙሉ ታንኳኳለች። ማንኳኳቱ ጆሮ ላይ ብቻ አይደለም፣ የፒኑን ቀዳዳ እየበላ ያሰፋዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የውጪው ቱቦላሬ ጎን ላይ ቀዳዳ አውጥተህ ዳዶ ታስበይዳለህ። በዳዶው ብሎን አስገብተህ የውስጡን ቱቦላሬ ወደ አንድ ግድግዳ ታስጨንቀዋለህ። ከላዩ ሁለተኛ ዳዶ አጥብቅበት፣ እንዳይላላ።

ቋሚው ከአግዳሚው በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ይጨመር፣ በሁለቱም ጎን። እዚያ ጋ ነው የሚሰነጠቀው። ሁልጊዜ ብየዳው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይጀምራል፤ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታያለህ። ያንን መስመር ካየህ አትጫን።

ቁመቱ ከፓራውልቱ በታች እንዳይወርድ። አለበለዚያ ከቦይ ስትወጣ መሬት ይጭራል። ሳይክሎቹን አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ አዙር፣ መሪዎቹ እንዳይጋጩ። ለታርጋው ትርፍ መያዣ ከመስቀያው ኋላ ይሠራለት፣ መብራትም ይሳብለት። ሽቦውን ኤሌክትሪሺያን ያድርገው፣ በያጅ አይንካው። ሲበየድ መኪናው አጠገብ ከሆነ ደግሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ።

የጦሳው

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ። መስቀያው ቆሞ ሳለ ኋላ በሩ እንዴት ይከፈታል? ምግቡ ውስጥ ነው።

ብረቱ ከኮምቦልቻ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቋሚው ታች ላይ በትልቅ ብሎን ተሰክቶ ወደ ኋላ እንዲጋደም ማድረግ ነው። ሳይክሎቹ ላዩ ላይ እንዳሉ ከተጋደመ ግን ሁለት ሰው ይያዘው። ሌላው ወደ ጎን እንደ በር የሚዞር ነው፣ እሱ ያምራል ግን ተጨማሪ ማጠፊያ ማለት ነው፤ ከማጠፊያ ሸሽተን ወደ ማጠፊያ። የሚጋደመውን አሠራ። ምሳውን ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ያዙት።

ወረኢሉ ካልጋሪ

ትውልዴ ወረኢሉ፣ ኑሮዬ ካናዳ። በዚህ ወግ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት።

እዚህ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ተራሮች አካባቢ ያሉ ልጆች ሳይክሉን ወደ ጎን አያስተኙትም። የፊት ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሰቀላል፣ የኋላ ጎማው ታች ይታሰራል። አራት አምስት ሳይክል ጎን ለጎን ይቆማል። ባለ ባጃጁ የፈራው ጎማ ወደ ጎን አይወጣም። ሳይክሎቹም እርስ በርስ ብዙ አይፋተጉም።

የሚገርማችሁ፣ ማውንቴን ሳይክል መኪና ላይ መጫን አዲስ ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ካውንቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ልጆቹ አሮጌና ከባድ ሳይክሎችን በፒካፕ ተራራ ላይ ያወጡና ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። ሪፓክ የተባለው የቁልቁለት ውድድር በ1976 ተጀመረ። የኋላ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግራሶ ይቃጠል ስለነበር ከወረዱ በኋላ ፈተው እንደገና ይሞሉት ነበር። ሐረጎን በመኪና ወጥቶ በሳይክል መውረድ የዚያው ወንድም ነው።

ስለ መመሪያው ጋሼ ብረቱ ልክ ናቸው። ብዙዎቹ አምራቾች ከአስፋልት ውጪ አትጠቀሙ ይላሉ፤ ወይም የሚጭነውን ክብደት ይቀንሱበታል።

ብረቱ ከኮምቦልቻ

ቀጥ ብሎ የሚሰቀለው ጥሩ ነው። ግን ቋሚው ይረዝማል። ሲረዝም ከሥሩ ላይ ያለው ጉልበት ይጨምራል፣ ብረቱም መወፈር አለበት። ለሦስት ሳይክል ዋጋውን አያወጣም ባይ ነኝ።

ዘምዘም ከሐይቅ

እኔ ደግሞ አሁን ሌላ ነገር ታየኝ። ጋሼ ብረቱ ክብደቱ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ነው የሚያስቸግረው ካሉ፣ ትልቁ ችግር ሦስተኛው ሳይክል ነው ማለት ነው። ከሁሉም የራቀው እሱ ነው። ታርጋውንም የሚሸፍነው እሱ ነው። ባለ 26ቱን የፊት ጎማውን ፈትታችሁ ውስጥ አስገቡት። ሁለቱ ውጪ ይሁኑ። ድንኳኑን ሦስታችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት፣ አትሞቱም።

ብረቱ ከኮምቦልቻ

ይሄ ነው! ለሁለት ሳይክል ከሆነ ቋሚውን ወደ ስኮርታው ማስጠጋት ይቻላል። ሥራውም ይቀላል።

የጦሳው

አሠራሁት። ለሁለት ሳይክል ነው፣ በዘምዘም ምክር። ቱቦላሬው እንደተባለው 60 እና 50፣ የጎን ብሎኑም አለ። ታርጋው መሃል ሜዳ ላይ ይታያል፣ ትርፍ መያዣም አላስፈለገውም። አጎቴ ዙሪያውን ዞረ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ምንም አላለም። እሱ ዝም ካለ ወዶታል ማለት ነው።

ሳይክሎቹ የሚያርፉበትን ክንድ ጎሚስታ ቤት ባገኘሁት አሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ጠቀለልኩት። ማሰሪያውም ከዚያው በቁመቱ የተቆረጠ ነው። ቴላዮውን አይፍቅም፣ ደግሞ ይለጠጣል። በላዩ ግን የጭነት ቀበቶም አለ፣ ላስቲክ ብቻውን አላመንኩትም። የፊት ጎማዎቹን ከቴላዮው ጋር አሰርናቸው። መጀመሪያ ክፍት ትተናቸው መሪው ሲወዛወዝ ስኮርታውን እየመታ አስቸገረን።

ከገራዶ ጀርባ ባለው ፒስታ ወስደን ፈተሽነው። ትንሽ እንደሄድን ቆመን ሁሉንም በቁልፍ ነካ ነካ አደረግን። ሰሌዳውን ከሻንሲው የሚይዙት ብሎኖች ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ጠበቁ። የቀሩት አልተነቃነቁም። ስንመለስ ደግመን ስናይ ንክች አላሉም። የጎን ብሎኑ ደግሞ ተዓምር ነው። ላልቶ ስንሞክረው ያንኳኳል፣ ስናጠብቀው ፀጥ!

ብረቱ ከኮምቦልቻ

መጀመሪያ ላይ መጥበቃቸው ደንብ ነው። ቀለሙና ዝገቱ ሥር እስኪተኛ ነው። ኩታበር ስትደርስ አንዴ፣ በሽሎን ተሻግረህ አንዴ እያቸው። ከዚያ በኋላም የሚጠብቁ ከሆነ ግን ሮንዴላው ተሳስቷል፣ ሮንዴላ ቀይር እንጂ ማጥበቅ አትቀጥል።

ድልብ

ማርሚታውስ?

የጦሳው

የታችኛው ጎማ ከጭሱ መውጫ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ሐረጎን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሙሉውን አውጥተነው እንደቆምን በእጄ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። መብራቱን ብቻ ነው ያልጨረስነው። የግራው ጎማ የግራውን ፍሬቻ በከፊል ይሸፍነዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።

ባለ ባጃጅ

አጎትህን እስከ ቅዳሜ በቀን ብቻ ንዳ በለው። ወገልጤና ስትደርሱ ደግሞ ኦፓል የሚሸጥልህ ልጅ አያጣህም። ሳይክልህን በድንጋይ እንዳትለውጥ።

ጎራ በል

የመንገዱን ሁኔታ ሳታጣሩ ደግሞ እንዳትነሱ። አራተኛ ሰው ካስፈለገ አለሁ። ዳገቱን በመኪና ነው የምወጣው።